ግድግዳ ያለው ውሃ

ታክሲው ከሚያዞርበት፣ ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣
ብሎኬት ከሚደርቅበት፣ ከአቧራው አፋፍ፣
አንድ ክፍል አለችኝ፣ መጋረጃዋ ጥቁር፤
ሥራዬ ማየት ነው፣ የሌላ ሰው ምስጢር።

እታፈራሁ ገባች፣ ሲሚንቶ በእጇ፣
ቀኝ ጎኗን ታቅፋ፣ ልክ እንደ ልጇ።
«አረገዘች አሉኝ፣ በአርባ ስምንት ዓመቴ፤
ባሌ ከሞተ ዘጠኝ! ምን ነካው ጎረቤቴ?»
ሳቀች። ሳቋ ጎኗን ያዛት።

ከፌስታሏ አወጣች የቀድሞ ወረቀቶች፦
«ተራ ውሃ ነው» ይላል፤ በመርፌ ቀዱት፤ ዳነች።
ስምንት ወር ሳይሞላ ሞልቶ ተመለሰ።
«ከውሻ የመጣ ትል ነው» ይላል ሌላው፤
ክኒኑን ጨረሰች፤ እብጠቱ ግን ባሰ።

ጄል ቀብቼ ሳየው፣ ጉበቷ ላይ ኩሬ፤
እኔም ልጽፍ ነበር «ተራ ውሃ» ዛሬ።
እጄ ቆመ።
ከጥቁሩ መሀል ቀጭን ነጭ መሥመር፣
ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ በተራ ሲሰደር፤
እንደዚያ እንደ ማዶው፣ እንዳላለቀው ኮንዶሚኒየም፣
ክፍል አለው፣ ክፍል አለው፤ በር ግን የለውም።
ውሃ ግድግዳ አያቆምም።
ግድግዳ ያቆመ ነገር፣ ሊኖር ነው ያሰበ።

ስሙን ተማሪ ሳለሁ አንዴ ሰምቻለሁ፤
ፈተና ላይ መጥቶም ስቼዋለሁ።
«ምን አየህ?» አለችኝ።
«ምን እንዳልሆነ እንጂ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም።
በመርፌ እንዳታስነኪው፤ ከእንግዲህ አይቀዳም።»

ሲቲ እስክትነሳ ሁለት ወር ወረፋ፤
ብሎኬት እያነሳች፣ ጎኗ እየገፋ።
ዶክተር ለሊሴ አየችው፦ «ከሐሞት ቧንቧ የበቀለ
ብርቅ ዕጢ ነው፤ ቅርፊቱ ከቀረ፣ እንደገና አለ።
ዛሬ ክፉ አይመስልም፤ ነገውን ግን አላምነው፤
መድኃኒቱ መቅዳት ሳይሆን ከነሥሩ ማውጣት ነው።»
«ሐሞቴ ፈሰሰ» አለች እታፈራሁ፣ በፍራቻ።
«እንዳይፈስ ነው ስፌቱ» አለቻት፣ ይኼን ብቻ።

አምስት ሰዓት ፈጀ።

የላቦራቶሪው መልስ ከወር በኋላ መጣ።
ካንሰር የለበትም።
ከግድግዳው ሥር የተገኘው ሥጋ ግን
የሴት እንቁላል ማምረቻን ይመስላል፣ ይላል፤
ጉበት ላይ ማን እንዳስቀመጠው አይልም።
አነበብኩላት። ቆይታ፣
«ታዲያ ሐሜተኛው
ጨርሶ አልተሳሳተማ!» አለች።

በየስድስት ወሩ ትመጣለች።
ባለፈው፣ ገና ጄሉን ስቀባት፣ መብራት ጠፋ፤
የብሎኬቱ ማሽንም ዝም አለ።
«ተኝቼ ልጠብቅ?»
«ተኚ» አልኳት።
ሁለታችንም፣ በጥቁሩ ውስጥ፣
መብራቱን ጠበቅን።