ዳማን መጫን

ጉልበቴ ተሰብሮ በብረት ተሰፍቶ
ሐኪሙ «ሞተር ይቅር» አለኝ ራጁን አይቶ።
ይቅር ማለት ቀላል።
ሦስት ወር ከረመች ሸራ ተከናንባ፣
ዶሮ ከኮርቻዋ ሥር ሲወጣ ሲገባ።

ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። ሃያ አንድ ዓመት
ከሰበታ ዳገት እስከ ፉሪ ሜዳ
ዳማ ነች ያዞረችኝ ከጓዳ እስከ ጓዳ፣
መብራት ኖረም ጠፋም።

አሁን የእህቴ ልጅ ምንታምር፣ ቡኢ ላይ
አዋላጅ ሆናለች፤
«አጎቴ፣ ምጥ ቀን አይመርጥ፣ ባጃጅ ገጠር አይገባ፣
ዳማን ላክልኝ» ብላ ደወለች።

እሺ አልኩ። እሺ ግን በምን ይጫናል?

አለም ገና፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ወርዶፋ ብየዳ ቤት
ሁለት ተጎታች አሉ።
አንዷ አዲስ፣ ሰማያዊ፣ አበባ የተሳለባት፤
«ውሰዳት፣ ሙሽራ ነች» አለኝ ልጁ ኮርቶባት።
ጎንበስ አልኩ።
የቤት ጉድ ያለው ቆጣሪው ሥር ነው፤
ዕድሜዬን በሙሉ ጎንብሼ ነው ያየሁ።
ብየዳው እንደ ማስቲካ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣
ላሜራው ስረግጠው እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፣
ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ፣ ከቀለሙ በታች
የበጋ ጭቃ ነው፣ ስንጥቅጥቅ ብላለች።

ሌላዋ ጥግ ቆማ ዝገቷን አትደብቅም፤
ወለሏ ወፍራም ጣውላ፣ ብዘልበትም አይነቃነቅም።
በስንዝር ለካኋት። ለዳማ ይበቃል፣ ሦስት ስንዝር ይተርፋል።
«ስንት ኪሎ ትችላለች?» ብዬ ጠየቅሁት፤
ወርዶፋ ሳቀና፣ «ሁለት በሬ ጭኜባት
አዋሽን አሻግሬ፣ በደህና መለስኳት።
ግን በሬ ያውቃል፣ ኩርባ ሲመጣበት እግሩን ይከፍታል፤
ሞተር ምን ያውቃል?
ካልያዙት ይተኛል።»

ቅዳሜ በማለዳ ማንያዘዋል ፒክአፑን አምጥቶ፣
የባሕር ዛፍ ሳንቃ ልናጋድም ስንል
«ጤዛ ነው! ያዳልጣል!» ወርዶፋ ከውስጥ ጮኸ፣
የራሱን መወጣጫ ጎትቶ አወጣ፣
ሸካራ ብረት፣ ባለ መንጠቆ።
እኔም የማላፍር፣ እግሬን ለማንሣት ሞከርኩ፣
«አንዴ ልንዳት፣ ይቺን ብቻ።»
«ጋሼ፣ መውደቅ ካማረህ ሜዳው ይሻልሃል።
በእግር ነው የሚወጣ፤ አንድ ሰው በግራ፣
አንዱ ከኋላ ይግፋ፤ ፍሬኑን አደራ!»

በአንደኛ ማርሽ፣
ፍሪሲዮን በግማሽ፣
ዳማ ወጣች እያጉረመረመች፣
እንደ አሮጊት የቀበሌ ደረጃ ላይ፣
አንዴ ቆም፣ አንዴ ትንፋሽ።

የፊት ጎማዋ ከብረቱ ጉሮሮ ገባ።
ቤንዚኑን ዘጋሁ።
«ወደ ፊት ትጠጋ፤ ሸክም ወደ ኋላ ካደላ
ተጎታች ጭራ ያበቅላል፣
መኪናውን ይወዘውዛል።»

ማንያዘዋል ገመድ ይዞ መጣ።
«ቃጫ ለፍየል ነው» አለና ወርዶፋ
አራት ቀበቶ ዘረጋ፣ ባለ ጥርስ፣ ሰፋፋ።
ሁለቱ ከመሪዋ ሥር፣ ጨርቅ ለብሰው እንዳይፍቋት፣
ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣
የፊት እግሯ እስኪያጎነብስ።
«እስከ ግማሽ ነው። ካለፍክ ዘይቷን ትተፋለች፣
ካነስክ ጉድጓድ ላይ ትዘላለች።»
ሁለቱ ከኋላ። መቆሚያዋን አጠፍነው።
ሰንሰለቱ ከመንጠቆው በታች ተመሳቀለ፣
የኋላ መብራት ቀይ ሆኖ በራ፣
እኔም ከልማድ ሰዓቱን አየሁ፣
ቁጥር ልጽፍ መሰለኝ።

«ነቅንቃት» አለኝ።
መሪዋን ይዤ ነቀነቅሁ፤
ተጎታቿ ተነቃነቀች፣ ፒክአፑ ተነቃነቀ፣
ውስጡ የተቀመጠው ማንያዘዋል ተነቃነቀ፣
ዳማ ብቻዋን፣ ዝም።

አሥር ኪሎ ሜትር ሄደን ቆምን። ወረድኩ፣ እያነከስኩ።
የግራው ቀበቶ ላልቷል።
ሁለት ጥርስ አጠበቅሁ፣ በገዛ እጄ፣
የምሸኛትን ሳስር።

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ጀርባዋ ላይ ሆኜ
ዳማ ስትሄድ አይቻት አላውቅም።
ያየሁት መንገድ ነው፣ የሰው አጥር፣ የሰው ውሻ።
ዛሬ በማንያዘዋል መስታወት ውስጥ
አንገቷን ሰበር አድርጋ
ትመጣለች፣
ጉድጓድ በደረስን ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች፣
በነገሩ እንደተስማማ ሰው።

«ጉልበትህን አመመህ እንዴ?» አለኝ ማንያዘዋል።
«ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።