መስታወቱ አጠገብ

የመጨረሻው አውቶቡስ ድልድዩን ሲያልፍ
ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤
ዳንጉኦሌ እጇን አነሣች፣
ቪልኒየስ ጸጥ እስክትል ትንፋሿን ይዛ ቆየች።

ከዚያ ብርሃኑን ፈተለችው።
እንዝርት የላትም፤ ጨረሩን በራሱ ዙሪያ ጠምዝዛ፣
እምብርቱን ጨለማ አድርጋ፣
ወደ ውሃው ጠብታ ላከችው።

እዚያ አንዲት የወርቅ ቅንጣት፣
ለቀለበት ቀርቶ ለትንኝ ዓይን ኩል የማትበቃ፣
ከመስታወት በላይ ተንሳፋ
ፈትሉ ሲነካት ነቅታ
ዞረች፣ ዞረች፣ በባዶው እምብርት ዙሪያ።

መስታወት ግን ያው መስታወት ነው፤
ቀኝ የሰጡትን ግራ አድርጎ ይመልሳል።
ወርዶ የተጠመዘዘው ሲወጣ ሌላ ነው፤
እሷም በሁለቱ መሐል፣
በመጪው ተገፍታ፣ በተመላሹ ተይዛ፣
ከሥር ወደምታያት መንትያዋ ወረደች፤
ልትነካት ጥቂት ሲቀራት
አረንጓዴነቷ ሸሸና
ቀላች።

«ቀላች!» አለች ዳንጉኦሌ።
ዚግማስ ካፖርቱን ለብሶ፣ አንድ እጁ ገና ሳይገባ፣
ከበሩ ተመልሶ ጎንበስ አለ።
«አፍራ ነው?»
አልሳቀችም። መዝገቡን ስባ
ሰዓቱን ጻፈች፣ ርቀቱን፣ የቀለሙን ቁጥር፤
«የዙረት አቅጣጫ፦ ቀኝ / ግራ» የሚለው ላይ ስትደርስ
እርሳሷን አንሥታ
መስኮቱ ውስጥ በግራ እጇ የምትጽፈውን ሴት አየች፤
ሳጥኑንም ባዶ ተወችው።