ታኮ

ስሜማ ፈንታው ነው፤ ኖሯል ተረስቶ፣
"ረዳት!" ሲባል ነው ጆሮዬ የሚቆመው፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ።
ከኮምቦልቻ ሙቀት ሲሚንቶ ጭነን
ወደ ደሴ ብርድ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ሌሊት ተነሥተን፣
የጋሽ ይመር መኪና፣ ያቺ አሮጌ ኤንትሬ፣
ታቃስታለች ዳገት ላይ እንደ ደከመ በሬ።

እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥያለሁ፤
ታኮዬን እንደ ሕፃን አቅፌ ይዣለሁ።
የወይራ እንጨት ነው፤ ጥርብ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣
ጎማ የነከሰው፣ ዘይት የጠጣ፣ የለመደ ሐዘን።
የሰጠኝ አበጋዝ ነው፣ ከእኔ በፊት የነበረው፤
"ይህ እንጨት አይገፋም፤ ማቆም ብቻ ነው ሥራው"
ሲለኝ ሳቅሁበት፤ የቀልድ መስሎኝ ጨዋታው።

ሞተሩ ሲያቅተው፣ ፍሬኑ ሲላላ፣
"ታኮ!" ይላል ጋሽ ይመር፤ ዘልዬ እወርዳለሁ፤ ከጎማው ኋላ
እወሽቀዋለሁ።
ቀጥ ትላለች ያኔ። ጠጠር ብቻ ወደ ታች ይንከባለላል፤
ገደሉም አፉን እንደ ከፈተ ጾሙን ያድራል።
ደግሞ ትንሽ መሄድ፤ ደግሞ ደግሞ ታኮ፤
ደሴ የሚገባው እንዲህ ነው እኮ።

ጥር ላይ እማዋይሽ፣ የልጆቼ እናት፣
ለሁለት ቀን ብላ ሆስፒታል ገባች፤ "ኩላሊት ነው" አሏት።
በሳምንት ሁለት ቀን ደሟ ይታጠባል፤
ሐኪሙ "አያድንም፣ ደግፎ ያቆያል" ይላል።
ከማተቧ ጋር የኖረው የአንገቷ ወርቅ ሄደ፤
ዘመድም መጀመሪያ በእግሩ መጣ፤ ኋላ በስልክ፤
ኋላ መቅረትን ለመደ።

እኔም ተጣላሁት። እግዜርን ነው።
ሌሊት ሐረጎ ላይ፣ ጉም ጦሳን ሲውጠው፣
"ሞተር አጣህ ወይ?" አልሁት፤ "ገፍቶ የሚያወጣ ክንድ፣
አንድ ጉልበት አጣህ? አንድ!"
ዝም አለኝ።
ዝም ማለት ደግሞ ያውቅበታል።
ሊያጽናኑኝ የመጡት አፋቸው ማር፣ እጃቸው ባዶ ነው፤
"ለበጎ ነው" ይላሉ። ለበጎ ከሆነ፣ ለእነሱ ያድርገው።

የስቅለት ዕለት ግን መድኃኔዓለም ገባሁ፤
ለራሴ አልነበረም፤ "ስለ እኔ ስገድ" ብላኝ፣ ቃሏን ልሞላ ሄድሁ።
ስወድቅ ስነሣ፣ ስወድቅ ስነሣ፣
ስንተኛው እንደሆን ቁጥሩንም ስረሳ፣
ንባቡ ደረሰ፤ ከቀሬና ሰዎች፣ ከገጠር የመጣ
አንድ መንገደኛ በግድ እንደተያዘ፣ መስቀል ተሸክሞ ዳገት እንዲወጣ።

ብድግ ማለት ሲገባኝ ወድቄ ቀረሁ።
ስምዖን!
ለካ አንተም ረዳት ነበርህ፤ እንዴት እስከ ዛሬ ሳላውቅህ ኖርሁ?
"ና!" ብለው ጎተቱህ፤ ደሞዝ አልቆረጡልህም፤
"ለምን እኔን?" ብትል መልስም አልሰጡህም።
ትከሻህን ሰጠህ። መስቀሉ ያው መስቀል ነው፣ አልቀለለም፤
ቀራንዮም ያው ቀራንዮ፤ ሞቱም አልተሻረም።
ግን በአንድ ትንፋሽ አልጨረሰም ጌታም ያን አቀበት፤
ተራራን ያቆመ፣ የሰው ትከሻ ነው የተደገፈበት።

ማታ ሆስፒታል ሄድሁ፤ ተራዋ ነበር። ማሽኑ ይዞራል፤
ደሟ በቀጭን ቱቦ ይወጣል፣ ይገባል።
አልጋዋ ጎን ቆሜ ብዙ ዝም አልሁና፣
"ይሄ'ኮ ታኮ ነው" አልኋት። ሳቀች፤
ሳቋን ካየሁት ሰንብቷልና።
"አንተ ሰውዬ፣ ጭራሽ መኪና አደረግኸኝ?"
"ኤንትሬ" አልኋት፤ "ዝም በል" አለችኝ።

አልዳነችም ገና። ዛሬም ሲሚንቶ ጭነናል፣ ዛሬም ጉም ነው፣ እሄዳለሁ፤
ጋሽ ይመር "ቢስሚላህ" ይላል፤ እኔ አማትባለሁ።
መከራ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ "እንጃ" ነው የምላችሁ።
ብቻ በየኩርባው፣ ጎማው ወደ ኋላ ሊል ሲዳዳው፣
አንድ ሰው ሲዘል ይሰማኛል ከጎኔ፣ በጨለማው።
መዳፉ ቁስል አለው፣ እንደ ረዳት መዳፍ፤
ያቆመናል እንጂ አይገፋንም፣ በዚያ ገደል አፋፍ።

"አንሣው!" ይላል ጋሽ ይመር፤ ሞተሩ ያስላል።
የደሴ መብራት ከላይ ብልጭ ይላል፤
ገና ሁለት ኩርባ ይቀራል።