የአንድ ሌሊት ደረሰኝ

ልሞክረው ብዬ፣ ሐሙስ ወደ ማታ፣
ድንኳኑን ብተክል በግቢያችን ቦታ፣
ከላይ ቤት አስካለ ነጠላ አዘቅዝቃ፣
ከታች ቤት ዘምዘምም መቀነቷን ታጥቃ፣
ትኩስ ዳቦ ይዘው፣ «ማን ነው?» ብለው ቆሙ፤
«ሰው አልሞተም» ብንል ማጽናናት ደገሙ።
«ለሽርሽር ነው» አልኩ።
ዘምዘም ልትስቅ ነበር፣ አፏን በእጇ ያዘች፤
«ድንኳን ለሽርሽር!» እያለች ወረደች።
ዳቦውን ግን ተወች።

ቅዳሜ ከሐይቅ ከተማ ባጃጅ ተኮናትረን፣
ዳገት ሲያስነጥሰው ወርደን እየገፋን፣
ፍራሽ በኔ ትከሻ፣ ድስት በሰዓዳ እጅ፣
እህቴ ጦይባ ዝም ብላ ከኋላ፣
አርዲቦ ደረስን፣ ከቆርቆሮው ደጅ።
«የወረዳው መናፈሻ» ነበር በቀይ ቀለም፤
«መ»ው ረግፎ «ናፈሻ» ሆኗል፤ ጠጋኝ የለም።

ዘበኛው ጋሽ ይማም መዝገባቸውን ገልጠው፣
እስክሪብቷቸውን በትንፋሽ አሙቀው፣
«ምክንያት?» አሉን።
ከላይ የተጻፈው ሠርግ፣ ምርቃት፣ ስብሰባ፣
አንዳንዴም ፎቶ አንሺ ከሙሽራ ጋር ሲገባ።
«መተኛት» አልኩ እኔ።
ቀና አሉ። «መተኛት? ምነው፣ ቤት የላችሁ?»
«አለን።»
«እህ።»
ጻፉት። «መቶ ሃምሳ ብር። እሳት ከዛፍ ይራቅ።
ጅቡ ማዶ ነው፣ ሲጮህ የሚሳቀቅ አይሳቀቅ።
ሳር መቆፈር ክልክል።»

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነፋስ ውኃውን ሲያበጥር፣
ሰዓዳ ጠጠር ወርውራ ዝላዩን ስትቆጥር፣
አራት ወጣት ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሰዎች፣
ከዋርካው ሥር ሰፍረው፣ ስፒከርና ጥብስ፣
ዳክዬ እስኪበረግግ ሳቃቸው ሲፈስ፣
እኔ ከአንድ ገመድ ጋር ትግል ገጥሜያለሁ፤
አንዱን ጎን ሳቆመው ሌላው ሲተኛ አያለሁ።

ጦይባ መጣች። ምንም አልተናገረች።
ገመዱን ከእጄ ወስዳ አንዴ ጠመዘዘች፣
በማላውቀው ቋጠሮ ካስማው ላይ አሰረች፣
ሰማዩን አየች፣ መሬቱን በተረከዟ ለካች፣
የእንጨት ስባሪ አንስታ ተንበረከከች።
ቦይ። በድንኳኑ ዙሪያ፣ አንድ ስንዝር ጥልቀት፣
ጫፉ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ቁልቁለት።
«አክስቴ፣ ማን አሳየሽ?»
«ተምሬ ነው» አለች። አፈሯን አራገፈች።

እኔ አውቃለሁ። ያኔ፣ ከቆቦ ሸሽታ፣
አንድ ብርድ ልብስ ይዛ፣ ቤቷን ለነፋስ ትታ፣
ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ሸራ ሥር ስታድር፣
አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ ደረሰኝ ሳይኖር፣
ማንም «ምክንያት?» ብሎ አልጠየቃት ነበር።

ማታ አልገባችም። «እዚሁ ይሻለኛል» ብላ
ከደጅ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ጠቅልላ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ተቀደደ፤
በቦዩ ውኃው ዞሮ እያጉረመረመ ወረደ።
ማዶ ስፒከሩ ዘፈን መሃል ሞተ፤
ፍራሽ ሲንሳፈፍ፣ ጫማ ሲፈለግ፣ ሁሉም ተምታታ፤
አራቱም መጡብን፣ የቀዘቀዘ ጥብስ በእጃቸው፣
ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። ጦይባ አየቻቸው።
ያን ጊዜ ገባች። «አንተ ወደ ጥግ፣ እግርህን እጠፍ።
አንተ በጎንህ ተኛ። ልጅቷ መሃል ትረፍ።»
ለሦስት ሰው በተሰፋ ሸራ ሰባት ሰው አስተኛች፤
እሷ ከበሩ አጠገብ፣
ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ወደ ውጭ ዞራ ተኛች።

ጠዋት ጋሽ ይማም ቆመው፣ ቦዩ ላይ አፍጥጠው፦
«ሳር መቆፈር ክልክል ብዬ ነበር» አሉ።
ቁጣ ግን አልነበረም። ሌሊቱን ሰምተዋል።
ጦይባ አልተከራከረችም።
አፈሩን መለሰች፣ ሳሩን በየቦታው፣
በመዳፏ መታ መታ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው።
ጎንበስ ብለው አዩ። «አሁን ምንም አይታይም።»
እጇን በሐይቁ ታጠበች፤ በቀሚሷ አደረቀች፤
«የዚያኛውን» አለች፣ «ድፈኑ ያለን የለም።»

ባጃጁ ከላይ ጡሩንባ ነፋ።
ጋሽ ይማም መዝገቡን ዘጉ።
ከዘምዘም ዳቦ የተረፈችውን ጠርዝ
ለእሳቸው ሰጠናቸው።