በኅዳጉ ላይ

ቂሊንጦ ዳር ላለው ካርቶን ፋብሪካችን
ፈተና መጣለት ስለ ጠባያችን።
መቶ ሃያ ጥያቄ፣ አምስት አምስት ክበብ፣
በእርሳስ የሚሞላ፣ በማሽን የሚነበብ፤
«በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ
እስከ «በጭራሽ» ድረስ ተዘርዝሮ፤
ባሕር ማዶ ተጽፎ፣ ካዛንቺስ ተተርጉሞ፣
እኛ ዘንድ ሲደርስ አማርኛው ታሞ።

ሥራ አስኪያጁ ሲያስረዳን፦ «ካርቶን በመጫኛ
ስንት ኪሎ እንደሚችል እንለካ የለ እኛ?
ሰውም እንዲያው ነው።»

ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ በመሳቢያ አለ፤
ማን ልቡ እንደረጋ፣ ማን እንደዋለለ።

ዲንቄ በዳዳ ከሙጫው ክፍል ናት፣
ስድስት ዓመት ሽታው ሻሿ ላይ አድሮባት፤
ለቡድን መሪነት ተወዳድራለች፤
ክበቡን ትታ ኅዳጉን በእስክሪብቶ ሞልታለች።

አሥራ ሰባት፦ «ብቻዬን ስሆን ደስ ይለኛል።»
ከጎኑ፦ «አላውቅም። አምስት ነን ባንድ ክፍል፣
ፍራሹም እንደ ሥራው በፈረቃ ነው።
ብቻዬን የሆንኩ ዕለት መጥቼ ልንገራችሁ።»

ሠላሳ ሁለት፦ «በግብዣ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ቶሎ እግባባለሁ።»
«ማን ጠርቶኝ?
ለቅሶ ከሆነ ግን፣ አዎ።
ስሙን የማላውቀውን ሰው ቀብሬ፣
ስሟን ከማላውቃት ሴት ጋር
ካንድ ሳህን ንፍሮ ዘግኛለሁ።»

ሃምሳ፦ «ዕቃዎቼ ሁልጊዜ በቦታቸው ናቸው።»
«ዕቃውስ አለ።
ቦታው ነው ሁለቴ የፈረሰብኝ።»

ዘጠና አንድ፦ «በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም።»
(ይህቺ ወጥመድ ናት፤ «እስማማለሁ» ያለ ይወድቃል፤
ቁልፉ ነው ያጫወተኝ።)
«ዛሬ ጠዋት እንኳ ለልጄ
‹ሳይመሽ እመጣለሁ› ብያት ነው የወጣሁት።»

ወረቀቷን ማሽኑ ዋጠና መለሰው፤
«ባዶ ነው» ብሎ አለፈ፣ ይሄን ሁሉ ሰው።

እኔ ስቀጠር ፈተና አልነበረም፤
የአጎቴ ስልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም
ልብህ እንዴት ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

እርሳስ አነሣሁ፣ በእሷ ፋንታ ላጠቁር።
ግን ለአሥራ ሰባት
የትኛው ክበብ ነው አምስት ሰው የሚያስተኛ?
እርሳሱን ቀረጽኩት። ደግሜ ቀረጽኩት።
ቢሮው ፀጥ ብሏል፤ ከታች መጫኛው
አንድ ካርቶን ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ እስኪታጠፍ ይጠብቃል።

ሰዓቱ ሲደርስ ፋይሏ ላይ «ይታይ» ብዬ ፈረምኩ።
«ይታይ» ማለት በእኛ ቤት
ማንም አያየውም ማለት ነው።

ሰርቪሱ ቆሞ ነበር መብራቱን አብርቶ፣
የቱሉ ዲምቱ ነፋስ አቧራውን አንሥቶ።
ዲንቄ ከአጠገቧ ቦርሳዋን አነሣችና
ቦታ ሰጠችኝ።

«ወጣ እንዴ ውጤቱ?»

«አልወጣም» አልኳት።

ዘጠና አንድ።

እስከ ኮዬ ፈጬ መታጠፊያ ድረስ
ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መስዬ ሄድኩ፤
እሷ ግን የምሯን ተኝታ፣
ራሷ ትከሻዬ ላይ፣ ከነሙጫው ሽታ።