የአውራ ጣት ዝገት

ግራትስ ከተማ፣ ከትራም ሐዲዱ ዳር፣
ሰዓት እጠግናለሁ ከሽማግሌው አሎይስ ጋር።
ከኮረብታው አናት የከተማው ሰዓት ሁለት እጁን ዘርግቶ፣
ረጅሙ ሰዓቱን፣ አጭሩ ደቂቃውን፣ ሥራ ተለዋውጦ፣ ተምታቶ፤
እንግዳ ያየው ይስታል፣ የአገሬው ሰው ይስቃል፤
እኔ አልሳትሁም፤
እጁ ያስቸገረው በእጁ የተቸገረን ያውቃል።

የኔ መዳፍ ያልባል። በጋ ክረምት አይመርጥም፤
በረዶ ሲወርድ፣ ሰው ጣቱን በትንፋሹ ሲያሞቅ፣ የኔ አይደርቅም።
ላቤ ደግሞ ብረት ይበላል፤
ማክሰኞ የነካሁት ብሎን ለሐሙስ ዝጎ ያድራል።
አሎይስ አልተቆጣም። በተቆጣ ይሻላል!
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብሎኑን ለብርሃን ያሳያል፤
በብሩሽ፣ በዘይት፣ ዝም ብሎ ያሻል፤
በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ
የጣት ላስቲክና የጠመኔ ዱቄት ቀድመውኝ ይደርሳሉ።

ቃሉ «በፊትህ ወዝ» አለ እንጂ «በመዳፍህ» መቼ አለ?
ላብ አደር ሁሉ በላቡ ሲያድር
የኔ ላብ እንጀራዬን አጥቦ ሊወስድ ተቻኮለ።

ሰላምታ እፈራለሁ።
እዚህ ሰው ሲገባ ይጨብጣል፣ ሲወጣም ይጨብጣል፤
ገና በሩ ሲንኳኳ እጄ ሱሪዬን ያሻል።
ባዶ ቦርሳ፣ የማይከፈት ጃንጥላ፣ ሁለት እጄን እሞላለሁ፤
አንገቴን ሰበር አድርጌ እጅ ነሥቼ አልፋለሁ።
«ምን ያለ ጨዋ ልጅ!» ይላሉ።
ጨውስ አለኝ፤
በመዳፌ።

ሐኪሟ ገርሊንደ እጄን ገልብጣ አየች፤
አልተጠየፈችም፣ ጣቷን በቀሚሷ አልጠረገች።
«ፍርሃት ያብሰዋል እንጂ ፍርሃት አልወለደውም፤
ትእዛዝ ያበዛ ነርቭ ነው፣ የጠባይ ጉድለት አይደለም።»
ሌሊት የሚቀባ ሰጠችኝ። አቃጠለኝ፣ ተውሁት።
ሁለት ሳህን የቧንቧ ውሃ ሞላች፣
ቀጭን ኤሌክትሪክ ለቀቀችበት።

ውሃን በውሃ! ሳቄ መጣ።
በአንጓዬ ዙሪያ፣ ከውሃው ጠርዝ፣ ጉንዳን ተሰልፎ ወጣ።
ቀለበት አውልቄ፣ ጭረቴን በቫዝሊን ደፍኜ፣
እጅ ሰጠሁ፤
ሰዓት ሠሪው፣ በእንቁላል መቀቀያ ደወል ሃያ ደቂቃ ተመዝኜ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ፣ ጋዜጣ ገለጥሁ፤
ቀለሙ ጣቴ ላይ አልቀረም። ደግሜ ገለጥሁ።
ደረቅ። የሰው እጅ የተዋስሁ መሰለኝ፤ ፊቴን ዳሰስሁበት፤
ያን ቀን ፖስተኛውን ጨበጥሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ ያለ ምክንያት።

ግን አያድንም፤ ይሞላል እንጂ።
እንደ ግድግዳ ሰዓት ነኝ፤
ዓርብ ዓርብ ካልሞሉኝ
ቀስ ብዬ ወደ ራሴ እመለሳለሁ።

ኅዳር ላይ ሮስቪታ የምትባል መበለት መጣች፣
የባሏን የኪስ ሰዓት በካልሲ ጠቅልላ።
ትራም ነጂ ነበር። «ከቆመ ስድስት ዓመቱ» አለች፤
ሰውየውን ይሁን ሰዓቱን፣ አልጠየቅሁም።
ክዳኑን ከፈትሁ።
ከውስጥ፣ ብረቱ ላይ፣ የአውራ ጣት ቅርጽ፣
መስመር በመስመር፣ ቡናማ ዝገት።
አየሁት። ወገኔን አወቅሁት።
ብሩሽና ዘይት አነሣሁ።

«እሱን ተወው!» አለች፤ እጄን ያዘችው።
«በበረዶ እንኳ ያልበው ነበር፤
የትራሙን እጀታ በጨርቅ እየጠመጠመ ሠላሳ ዓመት ነዳ፤
እኔ ‹አንተ እርጥብ ዓሣ› እለው ነበር፣ አልጋ ውስጥ ሳይቀር።
ሰዓቱን አስኪድልኝ። ጣቱን እንዳትነካ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ሙሌቴ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።
እጄ በእጇ ውስጥ ማርጠብ ጀመረ።
አልነጠቅኋትም። እሷም አልለቀቀችም።
አሎይስ ከጀርባችን ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ።

ማታ ሞተሩን አጥቤ፣ ሞልቼ፣ ምቱን አዳምጬ
ክዳኑን ስገጥም
የጣት ላስቲኬን አጠለቅሁ፤
ከእሱ አጠገብ የኔ እንዳይጻፍ።