የፉርጎ እርሳስ

ከባቡር ፋብሪካ በጡረታ ሲለቅ፣
ጋሽ ቃሲም ሮብሌ ይዞ የወጣው ብር አይደል፣ አይደል ወርቅ፤
አንድ ጣሳ ማኅተም፣ ፉርጎ የታሸገበት፣
ድቡልቡል እርሳስ ነው፣ ሽቦው የቀረበት።
«ጅቡቲ»፣ «አይሻ»፣ «ኤረር» የሚል ፊደል
በፒንሳ ተነክሶ ቂጣ ላይ ጥርስ መስሏል።

«ለምንህ ነው?» አልኩት፣ በአጥር አሻግሬ።
«ና ወናፍ ንፋልኝ፤ አይነገርም ዛሬ።»

ከከዚራው ግቢ፣ ከኒሙ ሥር፣ ምድጃ አነደደ፤
የድሬ ፀሐይ አንሶ፣ በላዩ ከሰል ነደደ።
ኤረር ሟሸሸች፣ አይሻም ተከተለች፣
ጅቡቲ በጭልፋው እንደ ውሃ ዋለለች።
የጧፍ ቁራሽ ጣለ፤ ጉድፉ ተንሳፈፈ፣
እንደ ወተት ስልባቦት ከላዩ ላይ ገፈፈ።
ከስታኞውም ዘንግ ጥቂት ቆርሶ ጨመረ፤
«እርሳስ ብቻውን ቡቡ ነው፣ ባልንጀራ ይሻል» ሲል ተናገረ።

ያኔ ነው ያየሁት፣ ጆንያው ሲፈታ፣
የአባቱን ውጅግራ፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታታ።
ጥይቱን የሚያውቅ ሰው የለም በካፊራ፤
አሥራ አንድ ቀለሃ ቀርቶታል፣ በአሸዋ ታሽቶ የሚያበራ።

መጀመሪያ ግን ለካ።
ለስላሳ እርሳስ ቆርሶ ከአፈሙዙ ሰካ፤
በእንጨት መዶሻ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ በዘንግ ገፋው፣
የበርሜሉን ጠመዝማዛ በጎኑ አጽፎ ወዲያ አስተፋው።
«ጠመንጃ እንደ ሰው ነው፤ ቃሉን ከማመንህ
በፊት» አለ፣ «ጉሮሮውን ለካ በካሊብሮህ።
ጥይቱ ከጉሮሮው በፀጉር ይወፍር፤
ከቀጠነበትማ ሲወላገድ ያድር።»

ቅርጹን ራሱ ነው በቶርኖ የጠረበ፣
ሁለት የነሐስ ገጽ፣ እንደ ኪታብ ከድኖ ያቀራረበ።
ቅርጹ ሳይሞቅ ሲቀዳ፣ ጥይቱ ተሸብሽቦ ይወጣል፤
«ይሄ ሽማግሌ ነው» ይልና፣ ስቆ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል።
ከሃምሳ ስድስቱ ሃያውን አስቀረ፣
ከሐረር ወርቅ ሠሪ በተዋሰው ሚዛን እየመረመረ።
በማር ሰም አሻቸው፣ ከሞራ ቀይጦ፤
ሰሙን አየሁ እንጂ፣ ወርቁ አልታየኝም ያኔ ተገልጦ።

ከመልካ ጀብዱ ማዶ፣ ሳይነጋ በደንብ፣
ካርቶን አቆምን ከገደሉ ግንብ።
ሃምሳ እርምጃ። ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስተኛው።
የመጀመሪያው ጮኸ፤
ቀዳዳው የቁልፍ ቀዳዳ መሰለ፣ በጎኑ ነው የገባው።
«ባሩድ ጨምርበት!» አልኩ፤ ልጅ ነኝ፣ ጩኸት ደስ ይለኛል።
«እቀንሳለሁ» አለ። «እርሳስ ሲጮሁበት ይሳሳታል።»
ቀነሰ። ጻፈ። ቀነሰ። ጻፈ፣
የነፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር፣ የሉኩ ዳር እስኪጣፈፍ።

በአራተኛው እሑድ ድምፁ ሳል መስሎ ወጣ።
«አሁን አንተ ተኩስ» አለኝ፣
«እኔ ብተኩሰው ለአባቱ አደላ ይባላል።»
አልገባኝም። ተኮስኩ። አምስት።

ሄደን አየን፤
አምስቱንም የሻይ ብርጭቆ አፍ ይከድናቸዋል።
ግን ከመሃል አልነበሩም፤
አንድ ስንዝር ወደ ግራ።

ጋሽ ቃሲም ከካርቶኑ ፊት አሸዋው ላይ ተቀመጠ።
«‹ውጅግራው ግራ ይጥላል› ብሎ ነበር አባቴ፤
ችሎቱ ሳቀበት፣ የቃል ጨዋታ መስሏቸው።»

ከአርባ ስምንት ዓመት በፊት፣ ኤረር ጣቢያ፣ በሌሊት፣
ዘበኛው ሮብሌ ጅብ አየና ተኮሰ፣
መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል።
ሃምሳ ላይ ስንዝር የሳተ፣ እዚያ ሦስት ስንዝር ይሆናል።
ከጅቡ በስተግራ ፋኖስ የያዘ ሰው ነበር፣ ሀዲድ ጠባቂ።
«በቂም ነው» ተባለ። ሮብሌም ከወህኒ ሳይወጣ ሞተ።

ሀዲድ ጠባቂው አያቴ ነው።
የአጥራችን ቁመት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ካርቶኑን ወሰድኩት፤ እናቴ ፊት አቆምኩት።
ከነጥቡ እስከ ቀዳዳዎቹ በእጇ ለካች፣
ደግማ ለካች።
ቀዳዳው ውስጥ ትንሿን ጣቷን ከትታ ቆየች።
ከዚያ፣ ወደ አጥሩ ሳታይ፣
«ቃሲም ምሳ በልቷል?» አለች።